ውሃው አልገጥም አለ

ዛሬ አምሽቼ ገባሁ። በምንሠራው የቀን መቁጠሪያ ላይ ቀዩ ቀለም አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ተንሸራትቶ የምትስቀው ልጅ ከንፈር ከአፏ ወጣ ብሎ ቀርቷል። ያየነው ሁለት ሺህ ቅጠል ከታተመ በኋላ ነው። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የእኔ ነው። ማጉያ መነጽሩን የቀለሞቹ መግጠም ከሚታይባቸው ጥጉ ላይ ካሉት የመስቀል ምልክቶች አስጠግቼ ማየት ሲገባኝ በሩቁ አይቼ «ይሂድ» ያልኩት እኔ ነኝ።

እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ኮምፒውተሬን ከፍቼ ሰሞኑን ወደያዘኝ ሰውዬ ተመለስኩ። ሰርጌ ፕሮኩዲን ጎርስኪ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1863 በሩሲያ የተወለደ የኬሚስትሪ ሰው ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። በ1902 በርሊን ሄዶ ከአዶልፍ ሚተ ዘንድ የቀለም ፎቶግራፍ ተማረ። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜው ሁሉ ሦስት ምስል እርስ በርስ ሲያገጣጥም አለቀ። የእኔም እንጀራ ከዚህ የተለየ አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ብርሃን የሚይዝ ቅመም የተቀባ አንድ ረጅም መስታወት አለ፤ ወርዱ 9፣ ቁመቱ 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ። በዚያ ላይ ያንኑ ነገር ሦስት ጊዜ ያነሣዋል፤ ከላይ በሰማያዊ ማጣሪያ፣ መካከል ላይ በአረንጓዴ፣ ከታች በቀይ። መስታወቱ ላይ የሚቀረው ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው። ቀለሙ የተደበቀው በሦስቱ ልዩነት ውስጥ ነው። ለተመልካች ሲያሳይ ሦስት ዓይን ባለው ፋኖስ ብርሃኑን በየማጣሪያው እያሳለፈ ሸራ ላይ ያነባብራቸዋል፤ ያን ጊዜ ቀለሙ ይወጣል። እኛ ወረቀት ላይ አራት ቀለም እንደምናነባብረው ነው፤ እርሱ ብርሃን ይደምራል፣ እኛ እንቀንሳለን እንጂ።

ሐሳቡን የፈጠረው እርሱ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1861 ለንደን ውስጥ አንድ ባለ ብዙ ቀለም ጥብጣብ በዚሁ ዘዴ አሳይቷል። ችግሩ የዚያ ዘመን መስታወት ሰማያዊን አጥርቶ ሲያይ ለቀይ ዕውር መሆኑ ነበር። ፕሮኩዲን ጎርስኪ የኬሚስትሪ ዕውቀቱን ያፈሰሰው እዚህ ላይ ነው፤ መስታወቱ ቀይንም እንዲያይ የሚያደርግ ቅመም ሲያበጅ፣ ሲሞክር፣ ሲጥል፣ እንደገና ሲሞክር።

በ1908 ያስናያ ፖልያና ድረስ ሄዶ ቶልስቶይን አነሣ። ታላቁ ደራሲ 80 ዓመታቸውን ሊደፍኑ ጥቂት ወራት ቀርተዋቸው ነበር። ሥዕሉ በፖስት ካርድ ጭምር ታትሞ ተሰራጨ፣ የሰውዬውም ስም አብሮ ተሰራጨ። በዓመቱ በዳግማዊ ኒኮላስ ፊት ቀርቦ ሥዕሎቹን አሳየ። ከቤተ መንግሥት የወጣው ጨለማ ክፍል የተሠራለት የባቡር ፉርጎና በሄደበት ሁሉ በር የሚያስከፍት ደብዳቤ ይዞ ነው። ዕቅዱ ሰፊ ነበር፤ የሩሲያ ተማሪዎች አገራቸውን የሚያውቁባቸው 10,000 የቀለም ሥዕሎች። ቮልጋን፣ ኡራልን፣ ካውካሰስን፣ ቱርኪስታንን እየዞረ አነሣ። ዕቅዱን ግን አልጨረሰውም፤ መጀመሪያ ጦርነቱ፣ ቀጥሎ አብዮቱ መጣ።

ስለ ሥዕሎቹ የሚያወራ ሁሉ «ትናንት የተነሡ ይመስላሉ» ይላል። እኔ ይህ አባባል አይጥመኝም። ትናንት የተነሣ ለማየትማ ስልኬ ይበቃኝ ነበር።

ከሁሉ ያቆየኝ በ1911 የተነሣው፣ በመካከለኛው እስያ ያለችው የቡኻራ አሚር ዓሊም ኻን ነው። ጥምጥሙን ጠምጥሞ፣ ጎራዴውን ይዞ፣ አበባ የተጠለፈበት ካባ ደርቦ ተቀምጧል። ሦስቱን ምስሎች ለየብቻ ዘረጋኋቸው። ከላይ ባለው ካባው ነጣ ብሏል፤ ከታች ባለው ጠቁሯል፤ የአንድ ሰው ልብስ ነው ለማለት ያስቸግራል። አንዱን በሌላው ላይ ጭኜ በዓይኖቹ ብሌን አስተካከልኳቸው። ካባው በአንድ ጊዜ ሰማያዊ ሆነ። ሃያ ዓመት ቀለም ሳገጣጥም ኖሬ እንኳን እጄን ከቁልፉ ላይ አንሥቼ ዝም ብዬ አየሁት።

እናቴ በወጣትነቷ የተነሣችው ጥቁርና ነጭ ሥዕል አለን። ባለ ፎቶ ቤቱ በብሩሽ ጉንጯን ቀብቶላታል። ባየችው ቁጥር «እኔ መቼ ነው እንዲህ ቀይ የነበርኩት?» እያለች ትስቃለች። የአሚሩን ካባ ግን ማንም አልቀባውም። ሰማያዊው መቶ ዓመት ሙሉ መስታወቱ ውስጥ ነበር።

እንዲህ ላለ ሥራ የሚነሣው ሰው ሳይነቃነቅ መቆየት አለበት። በ1909 ፒንኩስ ካርሊንስኪ የሚባሉ የውሃ በር ኃላፊ አንሥቷል፤ ዕድሜያቸው 84፣ አገልግሎታቸው 66 ዓመት። ለ66 ዓመት አንድ ውሃ ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ሦስት ጊዜ ቀጥ ብሎ መቆም የሚከብዳቸው አይመስለኝም። በሌሎቹ ሥዕሎች ላይ ግን ራሱን ዘወር ያደረገ ሰው ጠርዙ ቀይና አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል፤ ጭስም በሦስት ቀለም ይበተናል።

ፕሮኩዲን ጎርስኪ በ1918 ከሩሲያ ወጣ። በኖርዌይና በእንግሊዝ በኩል አድርጎ ፓሪስ ገባ፤ እዚያው በ1944 ሞተ። አሚሩም በ1920 ከቡኻራ ተባርሮ ካቡል ተሰዶ ነበርና ያረፈው በዚያው በ1944 ነው። አንሺውም ተነሺውም በአንድ ዓመት፣ ሁለቱም በሰው አገር። በ1948 የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ከወራሾቹ 1,902 መስታወቶች ገዛ። ዛሬ ሁሉም በኮምፒውተር ተቀድተዋል፤ እኔም ከመኝታ ቤቴ ሆኜ አወርዳቸዋለሁ።

ዛሬ ሌሊት የያዝኩት የራሱን ሥዕል ነው። ጥቁር ባሕር ዳር ካለችው ባቱሚ አጠገብ፣ ካሮሊትስኻሊ ወንዝ ዳር፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ በሙሉ ልብስ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ባርኔጣውን አስተካከልኩ፣ ገጠመ። ድንጋዩም ጫማውም ገጠሙ። ውሃው ግን አልገጥም አለ። በሰማያዊው ጊዜ ያለፈው ውሃ በቀዩ ጊዜ የለም፤ ስለዚህ ወንዙ ከእግሩ ሥር ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ጭረት ሆኖ ይፈሳል። ሰዓት ሰጥቼ ወደ ቀኝ ገፋሁት፣ ወደ ግራ ሳብኩት፤ አንዱ ሞገድ ሲገጥም ሌላው ይፈነግጣል። ሌላው ቀርቶ ቀለሙን ከውሃው ላይ አጥፍቼ ግራጫ ላደርገው አሰብኩና እጄ አልታዘዝ አለኝ። በዚያች ደቂቃ ጊዜ ማለፉን የሚነግረኝ የውሃው ቀለም ብቻ ነው።

እንዳለ አስቀመጥኩት። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ጠዋት በአንድ ሰዓት ማሽኑ ይነሣል፤ ቀዩን ቀለም የሚያትመው ሰሌዳ (ፕሌት) እንደገና መውጣት አለበት። የሁለት ሺህ ቅጠሉ ወረቀት ከደመወዜ ይቆረጥ እንደሆነ ገና አልተነገረኝም።