ዱካቲ ወይስ ሱዙኪ? አንድ ቃል ያስከፈለኝ ዋጋ

ይህን የምጽፈው እኔን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። አንድ ያገለገለ የጣሊያንና አንድ ያገለገለ የጃፓን ስፖርት ሞተርሳይክል ፊቱ ቆመው ልቡ ለሁለት የተከፈለ ሰው ካለ፣ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይችን ያንብብልኝ። የምኖረው ጣሊያን፣ ቦሎኛ ከተማ ነው። እንዳይምታታባችሁ «ሞተርሳይክል» የምለው ሙሉውን ነው፤ «ሞተር» ስል ደግሞ ውስጡ ያለውን። ዓመቱም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ቀላል ቀላሉን ልጨርስ። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ እዚህ አይቀየርም፤ ስለዚህ የመኪናውን ከዜሮ ተምሬ አወጣሁ። እሱ ካለ ለሞተርሳይክል የተግባር ፈተና ብቻ ነው የሚቀረው። የጉልበት ገደብ የሌለውን ፈቃድ በቀጥታ ለመውሰድ 24 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ እኔ 31 ሆኖኝ ነበር። ገንዘቡን መጋዘን ውስጥ ሁለት ዓመት የሌሊት ፈረቃ እየሠራሁ አጠራቀምኩ። 6,500 ዩሮ ሲሞላልኝ መፈለግ ጀመርኩ።

ማርች 2018 ላይ፣ በአንድ ቅዳሜ ሁለት ሞተርሳይክል አየሁ።

ጠዋት ያየሁት ሱዙኪ ጂ.ኤስ.ኤክስ.-አር 750 ነው። የ2008 ስሪት፣ ሰማያዊና ነጭ፣ 34,000 ኪሎ ሜትር የሄደ፣ ዋጋው 4,200 ዩሮ። ባለቤቱ የወፈረ ክላሰር ይዞ ወጣ። የዘይት፣ የካንዴላ፣ የሰንሰለት፣ የጎማ ደረሰኝ ሁሉ በቀን ተራ ተደርድሯል። ፋብሪካው 24,000 ላይ የሚያዘው የቫልቭ (አየርና ነዳጅ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው፣ ጭሱን የሚያስወጣው መዝጊያ) ፍተሻ ተደርጓል፤ ወረቀቱ አለ። በግራ በኩል ፕላስቲኩ ላይ ጭረት አለበት። ሳልጠይቀው «ቆሞ ወድቆብኝ ነው» አለኝ። አስነሳው። አራቱ ሲሊንደሮች ያለ ምንም ግርግር መሥራት ጀመሩ። ምንም አልተሰማኝም።

ከሰዓት በኋላ ያየሁት ዱካቲ 848 ነው። የ2009 ስሪት፣ ቀይ፣ 11,000 ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደ፣ ዋጋው 6,000 ዩሮ። ከአንድ ሕንፃ ሥር፣ ጋራዥ ውስጥ ጨርቅ ለብሶ ቆሟል። ጨርቁ ሲገፈፍ አንድም ጭረት የለውም። ሁለቱ ሲሊንደሮች በ90 ዲግሪ ተከፍተው የተቀመጡ ናቸው። ሲነሳ የጋራዡ የብረት በር ተንቀጠቀጠ። ደረቴም አብሮ።

ቦሎኛ ውስጥ እየኖራችሁ ይህን ድምፅ ሰምታችሁ መሄድ ከባድ ነው። ዱካቲ የዚህ ከተማ ልጅ ነው። በ1926 የሬዲዮ ዕቃ ለመሥራት ተቋቁሞ፣ ከጦርነቱ በኋላ ነው ወደ ሞተርሳይክል የዞረው። ፋብሪካው ዛሬም ቦርጎ ፓኒጋሌ ነው። ሥራ ስሄድ በአጥሩ አጠገብ አልፋለሁ።

በዚያ ላይ የራሴ ድክመት ተጨመረበት። ያደግሁት ጎፋ፣ አጎቴ ጋራዥ ውስጥ ነው። ካቻቢቴ አምጣ፣ ኪያቤ አቀብል፣ ካንዴላ ጥረግ እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ሞላ፣ ቺንጋ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ። ጣሊያን ስመጣ የጋራዥ ቋንቋዬ ግማሹ የነሱ ሆኖ አገኘሁት። ቦሎ እንኳ እዚህ የዓመት ግብር ነው እንጂ ቃሉ ያው ነው። ስለዚህ የጣሊያን ሞተርሳይክል የቤቴ ዕቃ መሰለኝ። መካኒክ ሲያወራም ሁሉም የሚገባኝ መሰለኝ። ይህ መተማመን ነው በኋላ ጉድ የሠራኝ።

የጠየቅኩት ሰው ሁሉ «ብዙ ያልሄደውን ያዝ» አለኝ። 11,000 ከ34,000 ያንሳል። ዱካቲውን ገዛሁ።

የስም ማዛወሩ ሥራ የአንድ ጠዋት ነው። ከዚያ በፊት ግን በሰሌዳ ቁጥሩ የባለቤትነት መዝገቡን አስወጡ፤ 6 ዩሮ ነው። ሻጩ ባልከፈለው ዕዳ ምክንያት እገዳ ካለበት እዚያ ላይ ይታያል። እገዳው ከሻጩ ጋር አይቀርም፤ ሞተርሳይክሉን ተከትሎ እናንተ ጋ ይመጣል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ሱዙኪው ውስጥ ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሱት ካምሻፍቶች የሚዞሩት በብረት ሰንሰለት ነው። ሞተሩ ውስጥ፣ ዘይት እየጠጣ ይዞራል። 848 ግን ይህን የሚያደርገው ጥርስ ባላቸው ሁለት የላስቲክ ቺንጋዎች (ቀበቶዎች) ነው፤ ለየሲሊንደሩ አንድ አንድ። ሌላም ልዩነት አለ። በአብዛኛው ሞተር ቫልቩን የሚዘጋው ሞላ ነው። 848 ላይ ግን አንድ ክንድ ይከፍተዋል፣ ሌላ ክንድ ስቦ ይዘጋዋል። «ዴስሞ» የሚባለው ይህ ነው። ስምንት ቫልቭ አለው፤ የመክፈቻም የመዝጊያም ክፍተት ይለካል። ስለዚህ 16 ልኬት ነው፤ 848 ላይ ደግሞ በየ12,000 ኪሎ ሜትሩ። እዚያ ለመድረስ ፕላስቲኩ፣ የነዳጅ ታንኩና የአየር ማጣሪያ ሳጥኑ ይነሳሉ። የእጅ ዋጋው ከዚያ ነው የሚመጣው።

ቺንጋው ደግሞ በየ2 ዓመቱ መቀየር አለበት፤ ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም። ላስቲክ ነው፤ ቆሞም ያረጃል። ከተበጠሰ ወይም ጥርሱ ከዘለለ ቫልቩና ፒስተኑ ይጋጫሉ።

ሻጩ «የሚቀየረው 24,000 ላይ ነው፤ ገና 13,000 ይቀርሃል» አለኝ። ያላለኝ ሁለት ዓመቱን ነው። የሰርቪስ ደብተሩ ላይ ያለው የመጨረሻ ማህተም የ2013 ነበር። አምስት ዓመት! በዓይኔ አይቼዋለሁ። ግን ኪሎ ሜትሩን እያየሁ ዓመቱን አለፍኩት።

ጭራሽ አላሰብኩበትም ማለት አይደለም። በገዛሁ በሳምንቱ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። ሙሉ ሰርቪስ እንዲያደርግልኝ ነገርኩት። ቺንጋዎቹን አደራ አልኩት፤ በጣሊያንኛ፣ ልክ እንደዚህ። ራሱን ነቀነቀልኝ። ማታ ሄጄ 210 ዩሮ ከፈልኩ። ዋጋው ራሱ ሊያነቃኝ ይገባ ነበር፤ ሁለቱም ቺንጋ ተቀይሮበት 210 አይሆንም። ደረሰኙ ላይ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የፍሬን ዘይት ይላል። ከታች ደግሞ «ቺንጊየ ኮንትሮላቴ» የሚል መስመር አለ። ቺንጊየ የሚለውን ቃል አየሁ። ደስ አለኝ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ሜይ ላይ በየ2 ዓመቱ የሚደረገው የመንግሥት ምርመራ ደረሰ። ፍሬን፣ መብራት፣ ጭስ። አለፈ። አሁን ሁሉም አልቋል ብዬ አመንኩ።

ያ በጋ ጥሩ በጋ ነበር፤ አልዋሽም። ጁላይ ላይ ከተማ ውስጥ መብራት ሲይዛችሁ ከመቀመጫው ሥር ያለው ማርሚታ (የጭስ መውጫው) ጭናችሁን ይጠብሳል። ተራራ ላይ ስትወጡ ግን ሁሉም ይረሳል። ከቦሎኛ ወደ ፍሎረንስ የሚወስደው አሮጌው መንገድ ፒያኖሮን፣ ሎያኖን፣ ሞንጊዶሮን አልፎ 968 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የራቲኮሳ ተራራ ማለፊያ ይደርሳል፤ ከዚያ ፉታ። እሑድ እሑድ የአካባቢው ሞተረኛ ሁሉ እዚያ ነው።

ሴፕቴምበር ላይ፣ እሑድ ጠዋት፣ ሎያኖን አልፌ በሦስተኛ ማርሽ እየወጣሁ ነበር። ለኩርባው ጋዝ ስለቅ ቆርቆሮ በመዶሻ እንደመምታት ያለ ድምፅ ሰማሁ። ሦስት ወይም አራት ጊዜ። ከዚያ ዝም አለ። ፍሪሲዮን ይዤ ከመንገድ ዳር፣ አንድ ዛፍ ሥር ቆምኩ። ቀጥሎ ያደረግሁት ዛሬም ያንገበግበኛል። ማስነሻውን ተጫንኩት። ሁለት ጊዜ። ብረት ከብረት ሲፋጭ ሰማሁ። እንደዚያ ዓይነት ድምፅ ከሰማችሁ እጃችሁን ከማስነሻው አርቁ። እኔ የቀረውን ራሴ ጨረስኩት።

ፒያኖሮ አካባቢ ያለ አንድ አዛውንት መካኒክ ጋ ተጭኖ ሄደ። የቺንጋውን ክዳን ፈትቶ ጠራኝ። አንደኛው ቺንጋ ላይ ስድስት ጥርስ የለም። የቀረውን በጣቱ አጠፍ ሲያደርገው ጀርባው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። «የፋብሪካው ነው» አለኝ። 2009 ላይ የገባው፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልተነካው።

ደረሰኙን አውጥቼ አሳየሁት። አነበበና ትክ ብሎ አየኝ። ምንም አላለኝም።

ማታ አዲስ አበባ ለአጎቴ ደወልኩ። «ጋሼ፣ አጭበረበሩኝ» አልኩት።

«ወረቀቱ ምን ይላል? ቃል በቃል አንብብልኝ።»

«ቺንጊየ ኮንትሮላቴ።»

ዝም አለ። ከዚያ «ኮንትሮል አድርጎታል እንጂ አልቀየረውም እኮ፣ የኔ ልጅ» አለኝ። ጣሊያን አገር አንድ ቀን ያልኖረ ሰው ከጎፋ ሆኖ ያነበበውን፣ እኔ በእጄ ይዤ አላነበብኩትም። የሚፈለገው ቃል «ሶስቲቱይቴ» ነበር። ተቀይረዋል ማለት ነው።

ወደ ጋራዡ ተመለስኩ። ሰውየው አልተቆጣም፤ የከፋኝም እሱ ነው። «አይተናቸዋል፤ ያኔ ደህና ነበሩ። ቀይሩ አላልክም» አለኝ። ክዳኑን ከፍቶ ያየ ሰው ያንን ቺንጋ ደህና ነው አይልም። እስከ ዛሬ የማምነው ክዳኑን አልከፈተም ብዬ ነው። ማረጋገጥ ግን አልችልም። የተጠቃሚዎች መብት ቢሮ ሄድኩ። ተራ ይዤ ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቅኩ። ያስተናገደችኝ ሴት ደረሰኙን አየች፣ ፊርማዬን አየች፣ «ግልጽ ነው፤ ተስማምተህ ፈርመሃል» አለችኝ። ስለ ቺንጋው ዕድሜ ላስረዳት ስጀምር ቀጣዩን ቁጥር ጠራች። ለአራት ደቂቃ ያህል እንኳ አልሰማችኝም። አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል።

ጥገናው 2,900 ዩሮ ፈጀ። የታጠፉት አራት ቫልቮች፣ የቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ራስ) ሥራ፣ ሁለቱም ቺንጋ፣ ሙሉ ዴስሞ ልኬት። አዛውንቱ ቅዳሜ ቅዳሜ አጠገቡ ቆሜ እንዳይ ፈቀደልኝ። አንደኛውን ቫልቭ መስታወት ላይ አስቀምጦ በጣቱ አንከባለለው። ሲንከባለል ጭንቅላቱ ይወዛወዛል። በዓይን ሲታይ ቀጥ ያለ ነው የሚመስለው። ሥራውን ሲጨርስ በነጭ ቀለም ብዕር ቺንጋው ክዳን ላይ ቀኑን ጻፈበት።

እንግዲህ የኔን አቋም ልንገራችሁ። ብዙ ሰው አይስማማበትም።

አሮጌ ጣሊያናዊ ሞተርሳይክል ላይ ትንሽ ኪሎ ሜትር ያስፈራኛል። ዘጠኝ ዓመት ውስጥ 11,000 ማለት ቆሞ የኖረ ማለት ነው። 34,000 ሄዶ ክላሰር ያለው ይሻላል። ማህተምም አትመኑ። የሰርቪስ ደብተሩ በማህተም ከሞላ በቂ ነው ይባላል፤ አይደለም። ምን ዕቃ ገባ፣ መቼ ገባ፣ «ተቀይሯል» ይላል ወይ? ይህን የሚል ደረሰኝ ከሌለ አልተቀየረም ብላችሁ ቁጠሩ። የቺንጋውንና የዴስሞውን ዋጋ ከሻጩ ላይ ቀንሱ። የመንግሥት ምርመራ ማለፉም ስለ ቺንጋ ምንም አይነግራችሁም፤ አያዩትም።

ሁሉንም ለባለሙያ ተዉ የሚለውንም አልቀበልም። የቫልቭ ልኬቱን አዎ፣ ለሚያውቅ ሰው ስጡ። የቺንጋውን ክዳን ግን ራሳችሁ ክፈቱ። ጥቂት ብሎን ነው። ስንጥቅ ለማየት ዓይንና የስልክ መብራት ይበቃል።

ዱካቲ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ለሚል ደግሞ፣ 899 እና 959 ፓኒጋሌ ላይ ቺንጋ የለም፤ ሰንሰለት ነው። የቫልቭ ልኬቱም 24,000 ላይ ነው። ዋጋው ግን የኔ ኪስ አልነበረም። ለመጀመሪያ ስፖርት ሞተርሳይክል ግን መልሴ አንድ ነው፤ ጃፓናዊውን ግዙ። ይህን የምለው ቦሎኛ ቁጭ ብዬ፣ ያንን ድምፅ እየወደድኩ ነው።

848ቱን አንድ በጋ ጨምሬ ነዳሁት። በሰላም መነዳት ይገባው ነበር። የቅዳሜው ሱዙኪ በሳምንቱ ተሽጦ ስለነበር ሌላ ፈለግሁ፤ ያው 750፣ ክላሰር ያለው። ከዚያ ዱካቲውን ለመሸጥ አወጣሁት። አንድ 25 ዓመት የሚሆነው ልጅ ሄልሜቱን እንደያዘ መጣ። ጨርቁን ስገፍፍለት ፊቱ በራ። አስነሳሁለት። የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል?» የሚል ነበር።

ሞተሩን አጠፋሁት። ጎንበስ በል አልኩትና ክዳኑ ላይ በነጭ የተጻፈውን ቀን አሳየሁት። ከዚያ የአዛውንቱን መካኒክ ደረሰኝ ዘርግቼ «ሶስቲቱይቴ» የሚለው ቃል ላይ ጣቴን አደረግሁ። ጮክ ብሎ እስኪያነብልኝ ድረስ ጣቴን አላነሳሁም።