ከሚኒ ሚዲያ ተነስቼ ቴአትር አሰልጣኝ እስክሆን

ተዋናይ መሆን እፈልጋለሁ ከየት ልጀምር የሚሉኝ ልጆች ስለበዙ የኔን ልንገራችሁ። የጀመርኩት ደሴ ት/ቤት እያለሁ ሚኒ ሚዲያ ላይ ነው፣ በእረፍት ሰአት ግጥም አነባለሁ፣ ለወላጆች ቀን አጭር ድራማ እንሰራለን፣ በቃ እዛው ያዘኝ። ከዛ አማተር ቡድን ገባሁ፣ የሚጽፍ ሰው ስላልነበረ ድርሰቱም እኔ ጋ መጣ። ቀን ሌላ ስራ እየሰራሁ ማታ ማታ ነበር የምናጠናው፣ የመድረክ ብር የቤት ኪራይ አይሸፍንማ።

የመጀመሪያ ድርሰቶቼ ላይ ገጸ ባህሪዎቼ ሁሉ እንደ ዜና አንባቢ ነው የሚያወሩት፣ የገጠር እናቷም ነጋዴውም ተማሪውም አንድ አይነት አማርኛ። ይሄ የገባኝ ማሰልጠን ከጀመርኩ በኋላ ነው። ከሐይቅ በኩል የመጣች ልጅ ነበረች፣ አያት ሆና እንድትጫወት ሰጠኋት፣ "አብሽር" ባለች ቁጥር "ስክሪፕቱ ላይ አይዞህ ነው የሚለው" እያልኩ ሳርማት ድምጿ እየሳሳ ሄዶ ጭራሽ የማይሰማ ሆነ። አንድ ቀን ቡና ላይ፣ ቶናው እየተቀዳ፣ አያቷ ዱዓ ሲያደርጉ እንዴት እንደሆኑ ለጓደኞቿ ስታሳይ አየኋት፣ ወገቧ ጎበጥ ብሎ እጇ ተዘርግቶ፣ ልጁ ሁሉ "አሚን" እያለ ይቀበላታል። ያች ድምጿ የማይሰማው ልጅ ናት! በይ አሁን ያልሽውን መድረክ ላይ ድገሚው አልኳት፣ ማታውን ሙሉ ትእይንቱን በሷ አነጋገር መልሼ ጻፍኩት።

አሁን ስክሪፕት ከመስጠቴ በፊት ልጆቹን ሰኞ ገበያ እልካቸዋለሁ፣ አንድ ሰው መርጠው ዋጋ ሲከራከር ያዩታል፣ ምን አለ ብቻ ሳይሆን የቱ ጋ ዝም አለ። ለትንፋሽ አምባሰልና ባቲ አለን፣ በገዛ አገራችን ስም የሚጠሩ ቅኝቶች፣ ረጅሙን ሀረግ በአንድ ትንፋሽ እንዲያዜሙ አደርጋለሁ። የቆርቆሮ ጣሪያ አዳራሽ ውስጥ ዝናብ ሲመጣ በጉሮሮው የሚጮህ ልጅ ብዙም ሳይቆይ ድምጹ ይዘጋል፣ ከሆዱ የሚተነፍሰው ግን እስከ መጨረሻው ይደርሳል። መድረክ ላይ ንግግር ለመቀባበል ደግሞ መንዙማ ውስጥ ያደገ ልጅ ብዙ አያደክመኝም፣ መሪው ሳይጨርስ ተቀባዩ እንደማይገባ፣ ሲጨርስም እንደማይዘገይ ከልጅነቱ ያውቀዋል። ተራህን አትቁጠር ጓደኛህን ስማው ስለው ወዲያው ይገባዋል።

አንድ ድርሰቴን ያለ ውል ሰጥቼ ስሜ ሳይጠራ ታይቷል፣ በጣም ነው ያመመኝ፣ ስለዚህ እባካችሁ ለቅርብ ወዳጅም ቢሆን ሳትፈራረሙ እንዳትሰጡ።

የሚያሳስበኝ አዲስ አበባ ኦዲሽን የሚሄዱት ናቸው። የወሎ ቅላጼያቸውን ይዘው ገብተው በሱ ምክንያት የተመለሱ አሉ። ስለዚህ ሁለቱንም አስጠናቸዋለሁ፣ አንዱን ገጽ መጀመሪያ እንደ ዜና አንባቢ ቀጥሎ እንደ እናታቸው ያነቡታል፣ ግን የእናታቸውን አማርኛ ጥፋት ነው ብዬ አርሜ አላውቅም ከዛች ቀን ወዲህ።