ስንት ይዤ ልግባ? ሪስክን በልክ የምወስድበት ስሌት

ሪስክ ሲነሳ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ «ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ?» የሚለው ላይ ያልቃል። ደመወዝ ትቼ ወደ ንግድ ስገባ እኔ ጊዜ የሰጠሁት «ስንት ይዤ ልግባ?» ለሚለው ነው። ምክንያቱ ተራ ሂሳብ ነው። ካለው ገንዘብ 20 በመቶ ያጣ ሰው ወደነበረበት ለመመለስ 25 በመቶ ማትረፍ ይበቃዋል። 50 በመቶ ያጣ 100 በመቶ፣ 80 በመቶ ያጣ ደግሞ 400 በመቶ ማትረፍ አለበት።

ሳንቲም እንወርውር። አንደኛው ገጽ ከወጣ ያስያዝነው በ50 በመቶ ያድጋል፣ ሌላኛው ከወጣ በ40 በመቶ ይቀንሳል። በአማካይ ሲታይ በአንድ ውርወራ 5 በመቶ የሚያስተርፍ ጨዋታ ነው። ሁልጊዜ ያለውን ሁሉ የሚያስይዝ ሰው ግን በ100 ቢጀምር አንዴ አግኝቶ 150፣ አንዴ አጥቶ 90 ላይ ይገኛል። አሥር ጊዜ ተወርውሮ አምስት ለአምስት ቢወጣ እጁ ላይ የሚቀረው 59 ነው። ግማሹን እያስያዘ የተጫወተ፣ በዚያው ውጤት፣ 100ው እንዳለ ይቆየዋል። ሩቡን ያስያዘው 106 ይዞ ይወጣል። ዕድላቸው አንድ ዓይነት ነበር፤ የተለያዩት በመጠኑ ብቻ ነው።

ሩብ የሚለውን ቁጥር የሚሰጠው፣ በአሜሪካው የስልክ ኩባንያ የምርምር ተቋም፣ በቤል ላቦራቶሪ፣ ይሠራ የነበረው ጆን ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1956 ካሳተመው ሐሳብ የተወሰደ ቀመር ነው። የማሸነፍ ዕድል ሊጠፋ በሚችለው ድርሻ ይካፈላል፣ የመሸነፍ ዕድል ሊተርፍ በሚችለው ድርሻ ይካፈላል፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይቀነሳል። እዚህ 0.5 ለ0.4 ሲካፈል 1.25፣ 0.5 ለ0.5 ሲካፈል 1፤ ልዩነቱ 0.25። እኔ የሚወጣውን መልስ እንደገና ለሁለት እከፍለዋለሁ። የሳንቲሙ ዕድል ይታወቃል፤ በንግድ 0.6 ብዬ የምጽፈው ግን ግምት ነው፣ ግምት ደግሞ ወደ ምኞት ያደላል። ከሩብ ወደ ግማሽ መውጣት ዕድገቱን እንዳለ በላው፤ ከሩብ ወደ አንድ ስምንተኛ ብንወርድ ግን የዕድገቱ ሦስት አራተኛ ያህል አብሮን ይቆያል። ስለዚህ መሳሳት ካልቀረ በማሳነስ ይሁን።

ሥራ ለመልቀቅ የምጠቀምበት ስሌት በወር የሚቆጠር ነው። እጄ ላይ 36 አለ እንበል (በሺህም በአሥር ሺህም ብር ይታሰብ፣ ስሌቱ ያው ነው)። ቤት በወር 2 ይፈጃል፣ ንግዱ ከሚያስገባው በላይ በወር 1 ይበላል። 36 ለ3 ሲካፈል 12 ወር፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ካልተሳካ ግን እንደገና ሥራ እስካገኝ 4 ወር ቢፈጅ ለቤት 8 ሳይነካ መቀመጥ አለበት። ለመዝጊያው፣ ማለትም ላልተከፈለ አቅራቢ፣ ለግብርና ለኪራይ ውል ማፍረሻ፣ ሌላ 4 ይያዝ። የሚቀረው 24፣ በወር ሲመነዘር 8 ወር ነው። የመወሰኛውን ቀን 8ኛው ወር ላይ አድርጌ ገና ሥራ ሳልለቅ እጽፈዋለሁ፣ ወረቀቱንም የንግዱ ተካፋይ ላልሆነ ሰው እሰጠዋለሁ። ያኔ ስደርስ «ትንሽ ልጨምር» የምለው እኔው ራሴ ነኛ!

ይህ ስሌት ሽያጭ እያለም ይፋለሳል። ደንበኛ በ60 ቀን የሚከፍል፣ ዕቃና ሠራተኛ ግን ዛሬ የሚከፈል ከሆነ እያንዳንዱ አዲስ ትዕዛዝ ሁለት ወር ሙሉ የእኔን ገንዘብ አስሮ ይይዛል። ትዕዛዝ እጥፍ ሲሆን የሚታሰረውም እጥፍ ነው። መዝገቡ ትርፍ እያሳየ ደመወዝ መክፈል የሚያቅተው በዚህ ነው። መፍትሔው ቅድመ ክፍያ ነው። ገበያ መኖሩን ለማወቅም ከእሱ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም፤ «ብሠራው ትገዛለህ?» ቢባል ሰው በይሉኝታ «አዎ» ይላል፣ «ግማሹን ዛሬ ክፈል» ሲባል እውነቱ ይታያል። ይህንን ሙከራ ደመወዝ ሳይቋረጥ ማድረግ ይቻላል። ራፊና ፌንግ እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናት፣ ከሥራቸው ጎን ለጎን ጀምረው ኋላ ሙሉ በሙሉ የገቡ ሰዎች፣ በአንዴ ለቀው ከጀመሩት ይልቅ ንግዳቸው የመዘጋት ዕድሉ በሲሶ ያህል ያነሰ መሆኑን አሳይቷል።

ከስሌት ውጭ የምጠነቀቅለት አንድ ነገር ፊርማ ነው። ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት ያቋቋመ ሰው፣ ለድርጅቱ ብድር በግሉ ዋስ ሆኖ ከፈረመ የድርጅቱ ዕዳ ወደ ግል ንብረቱ እንዳያልፍ የሚጠብቀውን ከለላ በገዛ እጁ አነሳ ማለት ነው። የዋስትና ውል ሲቀርብልኝ ሦስት ነገር አያለሁ። በገንዘብ ተወስኗል ወይስ «ማንኛውንም ዕዳ» ይላል? ማብቂያ ቀን አለው? «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ቃል አለበት? የመጨረሻው ካለ፣ ሦስት ሆነን ብንፈርም እንኳ ሙሉው ዕዳ ከእኔ ብቻ ሊጠየቅ ይችላል። እንዲህ ያለውን አልፈርምም፤ ወይ ጣሪያ ይቀመጥለታል፣ ወይ ይቀራል።

ግምቴን የምፈትሸው ግሌን ብራየር እ.ኤ.አ. በ1950 ባቀረበው መለኪያ ነው። ከውሳኔው በፊት ዕድሉን በቁጥር እጽፋለሁ፤ ሲሳካ 1፣ ሲከሽፍ 0 ብዬ ልዩነቱን በራሱ አባዛለሁ። 0.8 ብዬ ከተሳካ 0.04፣ ከከሸፈ 0.64። ሁሉንም «0.5» የሚል ሰው ሁልጊዜ 0.25 ያገኛል፤ አማካዬ ከዚያ ከበለጠ ግምቴ ከሳንቲም አይሻልም።

የግል ውሳኔ ላይ ቁጥር ብዙም አይረዳም። ኢኮኖሚስቱ ስቲቨን ሌቪት «ልለውጥ ወይስ ልቆይ?» ለሚሉ ውሳኔዎች ከ20,000 በላይ ሳንቲም ባስወረወረበት ጥናት፣ በትልልቅ ጉዳዮች ላይ ለውጥ ያደረጉት ከስድስት ወር በኋላ ባሉበት ከቀሩት ይልቅ ደስተኞች ነበሩ። በጥናቱ የተሳተፉት ግን ሲጀመርም ለመወሰን ያመነቱ ሰዎች ነበሩ። እኔ በዚህ በኩል የማየው መመለሻውን ነው፤ ሌላ አገር ለመኖር ቤት ከመግዛት በፊት መከራየት፣ ሥራ ከመልቀቅ በፊት ያለ ደመወዝ ፈቃድ መጠየቅ። ፈቃዱ በቃል ከሆነ አይበቃም፤ ደብዳቤው ላይ የመመለሻው ቀንና የሥራ መደቡ ይስፈር።