«ፕሪቬንት» መቅደም በነበረበት ዘመን

እሑድ ማታ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤታችን ልጄ በ1611 እ.ኤ.አ. የወጣውን የኪንግ ጄምስ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ይዛ መጣች። «አባዬ፣ ሕያዋኑ የሞቱትን ‹ፕሪቬንት› አያደርጉም ይላል። ከምኑ ነው የሚከለክሏቸው?»

1ኛ ተሰሎንቄ 4፥15 ነው። እኔም ግራ ገባኝና የአማርኛውን ገለጥኩ፦ «ያንቀላፉቱን አንቀድምም»። ለካ ዛሬ መከልከል የሆነው «ፕሪቬንት» (prevent) ያኔ መቅደም ማለት ኖሯል! የቃሉ የላቲን ምንጭም «ቀድሞ መምጣት» ነው።

«ሌት» (let) የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ይብሳል። ዛሬ መፍቀድ፣ 2ኛ ተሰሎንቄ 2፥7 ላይ ግን መከልከል። ድሮ ሁለት የተለያዩ ቃላት ነበሩ፤ ድምፃቸው ተመሳሰለና አንደኛው ከአፍ ጠፋ።

«ሰፈር» (suffer) ስትል ደግሞ እኔ መንደር መስሎኝ ነበር። እንደ ዛሬው እንግሊዝኛ መሰቃየትም አይደለም፤ ማርቆስ 10፥14 ላይ ሕፃናቱን «ተዉ» ማለት ነው። የአማርኛውን ከእጄ ወስዳ ፊደል እየቆጠረች ማንበብ ጀመረች።