ይግባኝ ሌላ፣ ሰበር ሌላ

ከወሎ ቦረናም ይምጣ ከላስታ፣ «ሰበር ድረስ እሄዳለሁ» የሚል ባለጉዳይ ብዙውን ጊዜ መንገዱ የሚዘጋበት ገና ወረዳ ፍርድ ቤቱ ላይ ነው። ሰበር የመጨረሻ ውሳኔ መሠረታዊ የሕግ ስህተት እንዳለበት ብቻ የሚያይ ችሎት ነው፤ እዚያ የሚደረሰው ይግባኙን አልፎ ነው። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 187 ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ እንደምትሉ ለፈረደው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት እንድታስታውቁ ያዛል። ማመልከቻውን ለማቅረብ ያላችሁ 30 ቀን የሚቆጠረው የፍርዱን ግልባጭ ከተቀበላችሁበት ዕለት ነው። ግልባጩ ላይ የወጣበት ቀን ከሌለ ከመዝገብ ቤቱ ሳትርቁ አስጽፉ፤ ኋላ ክርክሩ ሁሉ በዚያ ቀን ላይ ይሆናል። የታሰረ ሰው ማመልከቻውን ለማረሚያ ቤቱ ኃላፊ መስጠት ይችላል። ይግባኝ መባሉ ብቻ ቅጣቱን አያቆመውም።

ጥፋተኛ ነኝ ብሎ አምኖ የተፈረደበት ሰው ይግባኝ የሚለው በቅጣቱ መጠን ወይም ሕጋዊነት ላይ ብቻ ነው። በችኮላ ያመኑ ወጣቶች ይህን የሚሰሙት ከተፈረደባቸው በኋላ መሆኑ ያሳዝናል።

ቀጥሎ ጉዳዩ የክልል ነው ወይስ የፌዴራል የሚለው ይለይ። ደሴ ላይ የታየ የሐሰተኛ ገንዘብ ክስ፣ የክልሉ ዳኞች ቢያዩትም፣ በውክልና፣ ማለትም በፌዴራል ፍርድ ቤት ምትክ፣ የታየ የፌዴራል ጉዳይ ነው። የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥልጣን የወሰነው ይግባኙ ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ተራ ስርቆት ወይም ድብደባ ግን የክልል ጉዳይ ነው፤ ሰበሩም መጀመሪያ ባሕር ዳር፣ በአማራ ክልል ሰበር ችሎት ይታያል። ከዚያ አልፎ አዲስ አበባ፣ ፌዴራል ሰበር ችሎት ለመድረስ በአዋጅ 1234/2013 መሠረት መሠረታዊ የሕግ ስህተት መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ ጉዳዩ የሕዝብ ጥቅምና አገራዊ ፋይዳ ያለው መሆን አለበት።

ትልቁ ስህተት የይግባኙን ማመልከቻ ርዕሱን ቀይሮ ለሰበር ማስገባት ነው። «ምስክሩ ዋሽቷል» የሚለው ክርክር ሰበር ላይ ቦታ የለውም፤ ማስረጃ መመዘን የሥር ፍርድ ቤቶች ሥራ ነው። «ከተረጋገጠው ፍሬ ነገር ጋር የማይገጥም አንቀጽ ተጠቀሰብኝ»፣ «ቅጣቱ ከሕጉ ጣሪያ አለፈ»፣ «የመከላከያ ማስረጃዬን እንዳላሰማ ተከለከልኩ» የሚሉት ግን የሕግ ጥያቄዎች ናቸው። ማመልከቻውን አስቀድመው ሦስት ዳኞች ያጣሩታል፤ «ያስቀርባል»፣ ማለትም ክርክር ይሰማበት፣ ከተባለ ቢያንስ አምስት ዳኞች ይሰየሙበታል። አጣሪዎቹ ፊት ያለው ወረቀታችሁ ነውና ስህተቱን በመጀመሪያው ገጽ፣ ከነአንቀጹና ከነውሳኔው ገጽ ቁጥር አስቀምጡት። ከወረዳው ጀምሮ የተሰጡትን ውሳኔዎች ግልባጭ በሙሉ አያይዙ።