ማንም ሳይሞት የሚነፋ ጥሩንባ

ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ነበር፣ አሥረኛ ክፍል። ከፊት የተቀመጠች ተማሪ ብድግ ብላ አንስታ ሰጠችኝ። ያዝኩት፤ ደግሞ ወደቀ። በሁለተኛው ግን አልመለሰችልኝም። «እኔ ልጻፍልዎት ቲቸር?» አለችኝ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ይህ የሆነው በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ያን ሰሞን ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ የኔ አይደሉም። የታክሲ በር መክፈት አልችልም፤ ረዳቱ እስኪከፍትልኝ ቆሜ እጠብቃለሁ። የሹራቤን ቁልፍ የምትቆልፍልኝ ልጄ ናት። አራት ሰዓት ሲሆን ግን ይፈታል። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ እንደ ማንም ሰው እጽፋለሁ።

ለዚህ ነው ሰው ሁሉ «ብርድ ነው» ያለኝ። የጥቅምት ጠዋት ከእንጦጦ የሚወርደውን አየር የአዲስ አበባ ሰው ያውቀዋል። እማዬ ፌጦ አዘጋጀችልኝ። ጎረቤታችን ጠበል ይዛኝ ሄደች። ሄጄ ተጠምቄያለሁ፣ ዛሬም እሄዳለሁ። ጣቶቼ ግን ማበጣቸውን አልተዉም።

ከዚያ አንድ ክሊኒክ ገባሁ። «ሪህ ነው፤ ቀይ ሥጋ ተዪ» ተባልኩ። ደም እንኳ አልተወሰደም። «በጥቅምት አንድ አጥንት» በሚባልበት ወር ሥጋ ተውኩ። ፋሲካም መጣና ሄደ፣ አልቀመስኩም። ሰባት ወር ሙሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነውና። እኛ «ሪህ» የምንለው ቃል ቢያንስ ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን ይሸፍናል። አንደኛው ዩሪክ አሲድ የሚባለው ነገር በደም ውስጥ በዝቶ መገጣጠሚያ ላይ እንደ ጨው ፍሬ ሲጋገር የሚመጣው ነው። ብዙ ጊዜ በእግር አውራ ጣት ይጀምራል፤ በሌሊት ድንገት ይነሳል፤ አንሶላ ሲነካው እንኳ ያስጮኻል። ሥጋና መጠጥ የሚያባብሱት እሱን ነው። ሌላኛው የኔው ነው፤ ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል። የገዛ ሰውነታችን የመከላከያ ሠራዊት መገጣጠሚያችን ላይ ሲዘምት የሚመጣ በሽታ ነው። ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይበዛል። ቁርጥ ብትተዉም ባትተዉም አይገደውም። ሁለቱም ያብጣሉ፣ ሁለቱም ያቃጥላሉ፣ ቃላችን አንድ ስለሆነ ግን አንዱ የሌላውን መድኃኒት ይወስዳል።

ከሥጋው ቀጥሎ የመጣው ኪኒን ነው። አንድ መድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፕሬድኒሶሎን ሸጠልኝ። በሦስተኛው ቀን የልጄን ፀጉር ሹሩባ ሠራሁ። አልቅሼ ነበር ከደስታ ብዛት። ከዚያ በኋላ ማን ያቆመኛል? ሲያልቅ እገዛለሁ፣ ሲያልቅ እገዛለሁ። ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረው ፊቴ ክብ ሆነ። የሥራ ባልደረቦቼ «ተስማምቶሻል» ይሉኛል። የተስማማኝ ነገር አልነበረም። ስኳሬ ወጥቶ ነበር።

በመጨረሻ አንዲት የመገጣጠሚያ ሐኪም ጋ ደረስኩ። በዕድሜ ከኔ ታንሳለች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ያምምዎታል ወይ?» አልነበረም። «ጠዋት ሲነሱ ጣትዎ እስኪፈታ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ነበር። ሁለት ሰዓት አልኳት። የጣቶቼን አንጓ አንድ በአንድ ጫን ጫን እያለች ፊቴን ታያለች። ደም ታዘዘ፤ ራጅ ታዘዘ። ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅላ አንድ ቦታ በእስክሪብቶ ጠቆመችኝ። የመሃል ጣቴ አጥንት ጠርዝ ላይ አይጥ የቀመሰችው ዳቦ ይመስል ጎደል ብሏል።

«ምንድን ነው የበላው?» አልኳት።

«ሳይቶካይኖች ናቸው መምህር» አለችኝ። «መልእክተኞቹ።»

ደነገጥኩ። ሳይቶካይንን እኔም አስተምራለሁ፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር። «ሴሎች እርስ በርስ መልእክት የሚለዋወጡባቸው ፕሮቲኖች» ብዬ አጽፍና ወደሚቀጥለው ርዕስ አልፋለሁ። የገዛ አጥንቴን የሚበላኝን ነገር በአንድ መስመር ሳልፈው ኖሬያለሁ።

አሁን ክፍል ውስጥ የማስረዳው እንዲህ ነው። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት የእድር ጥሩንባ ይነፋል። ጥሩንባ ነፊው ቀባሪ አይደለም፣ ድንኳን አይተክልም፣ ንፍሮ አይቀቅልም። ድምፅ ብቻ ነው የሚያሰማው። ግን በዚያ ድምፅ ሰው ይወጣል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይመጣል። ሳይቶካይን ጥሩንባው ነው። ቁስል ሲኖር፣ ባክቴሪያ ሲገባ ይነፋል። ነጭ የደም ሴሎች ይሰበሰባሉ። ቦታው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል። ሥራው ሲያልቅ ጥሩንባው ዝም ይላል፣ ድንኳኑ ይፈርሳል።

የኔ መገጣጠሚያ ውስጥ ማንም ሳይሞት ጥሩንባው ይነፋል። ሰው ይመጣል፤ አይሄድም። ድንኳኑ አይፈርስም። የመገጣጠሚያው ስስ ሽፋን በመጣው ሁሉ ወፍሮ ያብጣል። ከዚያ አጥንት የሚያፈርሱ ሴሎች ይቀሰቀሳሉ፤ እነዚህ በጤናም ጊዜ ያሉ፣ ያረጀ አጥንት አፍርሰው ለአዲሱ ቦታ የሚለቁ ሴሎች ናቸው። ጥሩንባው ሲበዛባቸው ያላረጀውን ማፍረስ ይጀምራሉ። ራጁ ላይ ያየሁት ጉድለት የእነሱ ሥራ ነው።

በዚህ በሽታ ስማቸው በብዛት የሚነሳው ሳይቶካይኖች ቲኤንኤፍና ኢንተርሉኪን 6 ናቸው። በመጀመሪያው ሪህ፣ በዩሪክ አሲዱ፣ ዋናው ነፊ ሌላ ነው፤ ኢንተርሉኪን 1።

ኢንተርሉኪን 6ን ሳነብ የሦስት ዓመት እንቆቅልሼ ተፈታ። ይህ ፕሮቲን በኛ በሽታ ሌሊት እየጨመረ ሄዶ ሊነጋጋ ሲል ጣራ ይነካል፣ ቀን ላይ ይቀንሳል። አራት ሰዓት ላይ ጣቴ የሚፈታው ፀሐይ ስለሞቀኝ ብቻ አልነበረም! ጉበትን ሲአርፒ የሚባል ፕሮቲን እንዲያመርት የሚያዘውም እሱ ነው፤ ላብራቶሪ የሚለካው ሲአርፒ የጥሩንባው ማሚቶ ነው ማለት ነው። የደም ማነሴም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ለወራት የብረት ኪኒን ውጬ አልጨመረልኝም ነበር። ኢንተርሉኪን 6 ጉበትን ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ያስመርተዋል፤ ሄፕሲዲኑ ደግሞ ብረቱን መጋዘን ውስጥ ይቆልፍበታል። ብረት ሳይጠፋ ደም ያንሳል። ይህን ያነበብኩ ማታ እማዬን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ ነገርኳት።

የቲኤንኤፍ ታሪክ ደግሞ ጠመዝማዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ኒውዮርክ ውስጥ ተመራማሪዎች በአይጥ ላይ ዕጢ ሲያከስም አዩትና በዚያው ሥራው «ዕጢ አክሳሚ» ብለው ሰየሙት። ሌሎች ደግሞ በጠና የታመመ አካል ለምን ሥጋው እንደሚያልቅ ሲፈልጉ አንድ ፕሮቲን አገኙ። በ1985 ሁለቱ አንድ መሆናቸው ታወቀ። ያው ፕሮቲን ያበጠ መገጣጠሚያ ውስጥም ተገኘ፣ ግን ብቻውን አይደለም፤ ብዙ ሳይቶካይኖች አብረውት ነበሩ። ብዙ ሰው «ከዚህ ሁሉ ነፊ አንዱን ዝም ብታሰኙ ምን ዋጋ አለው?» ይል ነበር። ለንደን የነበሩት ማርክ ፌልድማንና ራቪንደር ማይኒ ከሕሙማን መገጣጠሚያ የተወሰዱ ሴሎችን በብልቃጥ ይዘው ሞከሩት። ቲኤንኤፍን ሲያግዱ ኢንተርሉኪን 1ም አብሮ ቀነሰ። ለካ አንዱ ሲነፋ ሌላው ይከተለው ነበር። በ1992 ቻሪንግ ክሮስ ሆስፒታል ውስጥ ኢንፍሊክሲማብ የተባለውን ፀረ ቲኤንኤፍ ለመጀመሪያዎቹ የሩማቶይድ ሕሙማን ሰጡ። በመጀመሪያው ሙከራ የተካፈሉት ሃያ ነበሩ። ያን ጊዜ እኔ ተማሪ ነበርኩ፤ ጣቶቼም ጤነኛ ነበሩ።

ዛሬ መንገዱ ብዙ ነው። ኢንፍሊክሲማብና አዳሊሙማብ ቲኤንኤፍን ራሱን ይይዙታል። ኤታነርሴፕት እንደ ማታለያ ጆሮ ነው፤ መልእክቱ ወደ እውነተኛው ሴል ሳይደርስ ይቀበለዋል። ቶሲሊዙማብ የኢንተርሉኪን 6ን ሰሚዎች ጆሮ ይደፍናል፤ ጃፓን ውስጥ ኦሳካ ላይ ከታዳሚትሱ ኪሺሞቶ ሥራ የተወለደ ነው። እንደ ቶፋሲቲኒብ ያሉት ኪኒኖች መልእክቱ ሴሉ ውስጥ ከገባ በኋላ ያቋርጡታል። ፕሬድኒሶሎን ግን ሰፈሩን በሙሉ ዝም የሚያሰኝ ነው፤ እውነተኛው ለቅሶም አይሰማም። መጥፎ መድኃኒት አይደለም፤ ሐኪም በልክና ለጊዜው ሲሰጠው ያድናል። የኔ ጥፋት ያለ ልክና ያለ ሐኪም መውሰዴ ነው። ሲቆምም ድንገት አይቆምም። ሐኪሜ ቀስ በቀስ እየቀነሰች በወራት ነው ያስተወችኝ።

እኔ የምወስደው ሜቶትሬክሴት ነው። የቆየ፣ ርካሽ፣ በዚህ በሽታ ከሁሉ ቀድሞ የሚታዘዝ። ስድስት ፍሬ፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ። ይህን በትልቁ ልጽፈው እፈልጋለሁ፦ በሳምንት አንድ ቀን። በየቀኑ የወሰደው ሰው ሊሞት ይችላል። እማዬ ከልቧ አዝናልኝ «በየቀኑ ብትውጪው ቶሎ አይሽልሽም?» ያለችኝ ቀን ጥቅሉ ላይ በወፍራም ማርከር «እሁድ ብቻ» ብዬ ጻፍኩ፣ ቤት ውስጥ ላለ ሰው ሁሉም ነገርኩ። በሌላ ቀን ፎሊክ አሲድ እወስዳለሁ። ጉበቴ በየጊዜው ይመረመራል። ጠላም ጠጅም ትቻለሁ። ለመውለድ የምታስብ ሴት ደግሞ ቀድማ ሐኪሟን ማማከር አለባት፤ ጽንስ ይጎዳል።

ታናሽ እህቴ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ከኔ ሦስት ዓመት ቆይቶ እሷም ታመመች፤ በቤተሰብ ሊከተል ይችላል። እዚያ ሜቶትሬክሴቱ ብቻውን አልበቃት ሲል አዳሊሙማብ ታዘዘላት፤ በየሁለት ሳምንቱ ሆዷ ላይ ራሷ ትወጋዋለች። ዋጋው የመምህር ደሞዝ የሚችለው አይደለም፤ ስትነግረኝ ዝም ነው ያልኩት። ግን ከመጀመሯ በፊት የሆነው ነው ከሁሉ የገረመኝ።

የቲቢ ምርመራ አደረጉላት። ክንዷ ላይ ትንሽ መርፌ ወጉና ከሁለት ቀን በኋላ በማስመሪያ ለኩት። ፎቶውን ላከችልኝ፤ ቀይ ጉብታ፣ አጠገቡ ማስመሪያ። ቲቢ አልታመመችም፤ ባክቴሪያው ግን ተኝቶ አለ። ለአራት ወር ሪፋምፒሲን አዘዙላት፤ የአዳሊሙማቡ መርፌ የተጀመረው ያ ከተጀመረ በኋላ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። የቲቢ ባክቴሪያ ሳንባ ሲገባ ነጭ የደም ሴሎች ከበው አጥር ያጥሩበታል። ብዙ ሰው ሕይወቱን ሙሉ ይዞት ሳይታመም ይኖራል። ያ አጥር እንዲቆም ከሚያደርጉት አንዱ ቲኤንኤፍ ነው። ኢንፍሊክሲማብ በተጀመረ ጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2001፣ መድኃኒቱን የወሰዱ ሰባ ሰዎች ቲቢ እንደያዛቸው ተዘገበ። ጥሩንባውን ዝም ሲያሰኙት አጥር ጠባቂውም ተኛ። ከዚያ ወዲህ ሳይመረመሩ መጀመር ቀረ። ለኛ አገር ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ስንቶቻችን ነን የቲቢ ሕመምተኛ አጠገብ ያደግነው?

እህቴ በስልክ «አያታችንን ታስታውሻለሽ?» አለችኝ። አስታውሳለሁ። በ1979 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ አካባቢ በነበረው ቤታችን፣ አንድ አልጋ ላይ፣ እሷ መሃል እኛ ግራና ቀኝ። ታስላለች፤ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ትይዛለች። በየቀኑ መርፌ ልትወጋ ትሄድ ነበር። ክንዷ ከኔ ክንድ እስኪቀጥን ደረሰ። ቤቱ ዛሬ የለም፣ ፈርሷል።

ያቺ ልጆች ሆነን ከሳሏ የወረስናት ባክቴሪያ አርባ ዓመት ገደማ እህቴ ደረት ውስጥ ተዘግታ ኖራለች። የዘጋባት አንዱ ዘበኛ ዛሬ ጣቷን የሚያሳብጠው ያው ፕሮቲን ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ሕመሜን «ጠላቴ» ማለት ከአፌ አልወጣ ብሎኛል።

ባለፈው ቀጠሮዬ ሐኪሜ ሲአርፒዬ እንደገና ከፍ ማለቱን አየች። ሌላ ነገር ልንጨምር እንችላለን አለችና «ቤት ውስጥ ቲቢ የታመመ ሰው ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። አያቴን ነገርኳት። «ለምን ያህል ጊዜ አብረው ተኙ?» አላወቅኩም።

እንደወጣሁ በሩ ላይ ቆሜ እማዬ ጋ ደወልኩ። ጥቂት ዝም አለች።

«ከመስከረም እስከ ፋሲካ ነው» አለች። «እናንተን ከጉያዋ ማን ያውጣችሁ?»

ቀጠሮ ካርዴ ጀርባ ላይ ጻፍኩት። ከሰዓት ነበርና እጄ ታዘዘኝ።