«ዳታቤዙን በቀላሉ አዘጋጁ»

ቢሯችን የቀጠሮ መመዝገቢያ ሶፍትዌር አለው። ኦፕን ሶርስ ነው፤ ማንም ወስዶ ይጠቀምበታል፣ ማንም ኮድ ሊጨምርበት ይችላል። ይችላል ተባለ እንጂ ከኛ ውጭ የጨመረበት ሰው አልነበረም። ኮዱ የተቀመጠበት ጊትሀብ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ኮከብ የሚሰጥ ሞልቷል፣ ኮድ የሚልክ ግን የለም። ሰዉ ሰነፍ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ሶፍትዌሩን ላፕቶፕ ላይ እንዴት እንደሚያስነሱት የሚያስረዳ መመሪያ አለ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው «አልገባኝም» ብሎኝ አያውቅም።

ከዛ አንዲት ኢንተርን መጣች። ቀለል ያለ ሥራ መረጥኩላት፦ ሲስተሙ ጳጉሜን 6ን አይቀበልም። ጳጉሜን በዘመነ ሉቃስ 6 ቀን ትሆናለች፣ በ2015 እንደሆነችው። እኛ ኮዱ ላይ 5 ብለን ቸክለናት እርፍ። (ማን እንደጻፈው አትጠይቁኝ።) መመሪያውን ከፍተሽ ጀምሪ አልኳትና ቡናዬን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ክሎን አደረገች፣ ማለትም ኮዱን ወደ ላፕቶፗ ገለበጠች። ጥሩ። ሁለተኛው መስመር «ዳታቤዙን በቀላሉ አዘጋጁ» ይላል። ሌላ ቃል የለውም። እጇ ኪቦርዱ ላይ ቆመ። እኔን አየችኝ፣ መልሳ ስክሪኑን አየች። እኔ ላፕቶፕ ላይ ዳታቤዙ ከተጫነ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ይሄ መስመር ለኔ ሁለት ሰከንድ ነው። እሷ ግን ጉግል አድርጋ ዳታቤዙን የምታስነሳበትን ዶከር የሚባል ፕሮግራም ማውረድ ጀመረች፣ ኔትወርኩ ደግሞ ያን ቀን ኤሊ ሆኗል፣ ከምሳ በኋላ እንደምንም ስታስነሳው ዳታቤዙ የሚገናኝበት በር፣ ፖርት 5432፣ ተይዟል አላት። ለካ ለግቢ ፕሮጀክት የጫነችው ፖስትግሬስ የሚባል ዳታቤዝ ከጀርባ እየሠራ ነው። እሱን ዘጋች። ቀጥሎ የይለፍ ቃል የለም የሚል ኤረር መጣ። ይሄኛው እኔንም አስደነገጠኝ። የይለፍ ቃሉ ያለበትን ፋይል ጊት (ኮዱን የምንጋራበት መሣሪያ) እንዳይወስደው ያገድኩት ራሴ ነኝ፤ ማገዱም ልክ ነው፣ ግን በቦታው ባዶ ናሙና ማስቀመጥ ነበረብኝ። ፋይሉ ለካ ያለው እኛ ቢሮ ልጆች ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው።

«ይቅርታ፣ የሆነ ነገር አበላሽቼ ነው መሰለኝ፤ ትንሽ ይታገሱኝ» አለች። ሦስተኛ ይቅርታዋ ነው። እዚህ ጋ አፈርኩ። «በቀላሉ» ብዬ ስጽፍ፣ ያልሆነለት ሰው ሁሉ ጥፋቱ የራሱ እየመሰለው ላፕቶፑን ዘግቶ ሄዷል። እንግዲህ ማን ቅሬታ ይጽፍልኛል?

ጳጉሜን ራሷ 20 ደቂቃ አልፈጀችም። በማግስቱ ግን መጀመሪያ የላከችው መመሪያውን ነው። «በቀላሉ» የሚለውን ሰባት ቦታ አጥፍታለች፣ የናሙና ፋይል ጨምራለች፣ ፖርቱ ከተያዘ ምን እንደሚደረግ ጽፋለች፣ ሁሉ ነገር ልክ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ምን እንደሚታይ ሳይቀር። የመጨረሻውን በጣም ወደድኩት። መንገድ ስትጠይቅ «ቀጥ በል» ብሎ የሚልክህና «ቀይ ኪዮስክ ካየህ ደርሰሃል» የሚልህ ሰው አንድ አይደሉም። ሳላጉረመርም መርጅ አደረግኩት፣ ከዋናው ጋር ቀላቀልኩት።

በቀደም ሌላ ልጅ መጣ። የሚጠቀመው ዊንዶውስ ነው። የሷን መመሪያ ከፍቶ አራተኛው መስመር ላይ ተገተረ። «እንዴ፣ ግልጽ እኮ ነው!» ስትለው ሰማኋት።

ወንበር ስቤ አጠገቡ አስቀመጥኳት።